ሁለት ጊኒ ፒግ በቪትዝ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት

የሆሳዕና ዕለት ማታ፣ ስለ ቤት እንስሳት የምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረግኩ። ሦስት አራት መልስ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ነው፤ መልሱ 26 ደርሷል። ግማሹ ቁም ነገር፣ ሩቡ ጨዋታ፣ የቀረው ጠብ ነው። ከላይ እስከ ታች ማንበብ የሰለቸው ሰው ያንኑ ጥያቄ መልሶ እየጠየቀኝ ስለሆነ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ያለችው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ለፋሲካ እሷ ጋ ልንወርድ ነው። ልጄ ሁለት ጊኒ ፒጎች (አይጥ መሳይ ትንንሽ የቤት እንስሳት) አሏት፣ ሁለቱም ሴት ናቸው። ቀዩዋ ዳማ ትባላለች። ነጭና ጥቁር ጠጉሯ የተደባለቀው ደግሞ ገብስማ ናት። የፈረስ መልክና የዶሮ መልክ አንድ ላይ፤ ስም አውጪዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለሆነች አትፍረዱብን። ለአራት ቀን ቤት ዘግተንባቸው መሄድ አንችልም። ጎረቤት ደግሞ አይጥ አልጠብቅም ብሏል። መኪናችን አሮጌ ቪትዝ ናት፤ ኤሲዋ ከሞተ ቆይቷል። ሁለት ዶሮና አንድ ጣሳ ቅቤም እንጭናለን። በምን እንያዛቸው? የት እናስቀምጣቸው? መንገድ ላይ ምን ይብሉ? ይህን ጽፌ ተኛሁ።

1ኛው መልስ ጠዋት ጠበቀኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ነው የጀመረው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ለእንዲህ ያለ እንስሳ ምንም አይደለም፣ ድመት ይዞ መሄድ ይብሳል አለ። የእንቁላል ካርቶን ቀዳድቼ እንድከታቸው መከረኝ። 2ኛው በትህትና አረመው። ጊኒ ፒግ ሽንቱ ብዙ ነው፤ ካርቶኑ ጫጫ ሳትደርስ ከታች ይበሰብሳል ብሎ (ጫጫ በእኛ መንገድ ላይ አይደለችም፣ ወደ አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ ግን ገብቶኛል)። ከዚያም ሌላ ነገር ጨመረ። የነዚህ እንስሳት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ስለዚህ ያገኙትን ይከረትፋሉ። ካርቶን ለእነሱ ቤት ሳይሆን ምሳ ነው። ጎኑ ጠንካራ የሆነ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ፈልግ፣ ጎንና ጎኑን ብሳው አለኝ። እኛም ሚስማር አግለን ነው የበሳነው። ቤቱ ለሁለት ቀን ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ።

3ኛው ጊኒ ፒግ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፎቶ ላክሁለት። ጅራቱን የቆረጣችሁት አይጥ ነው ወይ አለ። 4ኛው በትዕግሥት አስረዳው። ስሙ ቢያሳስትም አሳማም አይደለም፣ ከጊኒም አልመጣም። ዘሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው፤ እዚያ ሰው ማርባት ከጀመረው ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ጅራት ሲፈጥረውም የለውም። የደጋ እንስሳ ነው ማለቱን ያኔ ዝም ብዬ አለፍኩት። በኋላ ነው የገባኝ።

5ኛዋ ያወጋችን ሙሉ ክሩን (መልሱን የሚከታተለውን ሁሉ) አስቋል። አንድ ጊዜ ከላምበረት መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጣ አንዲት ጊኒ ፒግ በዘንቢል ይዛ ነበር። ከላይ ሻሽ ጣል አድርጋበታለች። ረዳቱ ዘንቢሉን ከላይ ካልጫንኩ አለ። እቅፌ ላይ ይሆናል አለች። ሰንዳፋን እስኪያልፉ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ ከኋላ ያሉ ሴትዮ ፌስታል ውስጥ ሰላጣ ሲፈልጉ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። ጊኒ ፒግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ምግብ መጣ ማለት ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ያለችው ፉጨቷን ለቀቀችው። ሹፌሩ የሞተሩ ቀበቶ ነው የሚጮኸው ብሎ መኪናውን ዳር አስያዘ። ረዳቱ ወርዶ ኮፈን ከፈተ። እሷ አፍራ ዝም። ሰው ሁሉ ወርዶ ሞተሩን እያየ ሳለ ፉጨቱ ከውስጥ ሲመጣ ነው የተነቃባት። ሸኖ ላይ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈሏት።

6ኛው ይህን ተንተርሶ ስለ ታሪፍ ማማረር ጀመረ፤ እሱን ልዝለለው።

7ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ሳጥኑ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዝ፣ ይበላሉም ይተኙበታልም አለ። 8ኛዋ ግን ጭድና ድርቆሽ ለይ አለችኝ፤ ትክክል ናት። ጭድ እህሉ የተወቃበት ቅሪት ነው፤ መኝታ ይሆናል እንጂ ምግብ አይሆንም፤ ጫፉም ዓይን ይወጋል። ድርቆሽ ግን ሣሩ ሳይጃጅ ታጭዶ የደረቀ ነው። የጊኒ ፒግ ሆድ ሥራ ማቆም የለበትም። ግማሽ ቀን ሳይበላ ከዋለ አንጀቱ ሊቆም ይችላል፣ ከቆመ ደግሞ ማስነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ እንደ ሰው ልጅ መንገደኛ ስለሆነ ባዶ ሆዱን ይሂድ አይባልም። ማስመለስ እንኳ አይችልም፤ ያስመልሰዋል ብላችሁ አትፍሩ። ሳጥኑን ድርቆሽ ሙላው፣ እየሄዱም ይብሉ አለች። ከአስፋልት ዳር ያለ ሣር አጭዳችሁ እንዳትሰጡም አስጠነቀቀች፤ የመኪና ጭስና አቧራ የጠገበ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መንዜ ገባ፣ 9ኛው። ታዲያ የጓሳ ሣር እያለ ምን ያስጨንቃችኋል አለ፤ ዘመድ በላከለት ጓሳ ቤቱን እንደሚጎዘጉዝም ነገረን። 10ኛው ቆጣ አለበት። ጓሳ የመንዝ ሕዝብ ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ዘግቶ ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ ነው። የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው፤ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበትን ሣር ለአይጥ ጉዝጓዝ አላችሁት ብሎ ተናደደ። ለነገሩ ጓሳ ጠንካራ ነው፣ የጊኒ ፒግ አፍ አይወደውም። 9ኛው ሰላም ነው ወንድሜ ብሎ አለፈው። መንዜና መንዜ ሲነጋገር ሌላው ባይገባ ይሻላል።

11ኛው ስለ ውሃ አነሳ። ያ ጎማ አፍንጫ ያለው ጠርሙስ መኪና ሲንገጫገጭ ይንጠባጠባል፤ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ እነሱም ይበርዳቸዋል። ይልቅ ውሃ ያለው አትክልት ስጣቸው፣ ስትቆሙ ውሃ አቅርብላቸው አለ። እዚህ ድረስ ጥሩ። ቀጥሎ ግን ቫይታሚን ሲ ስለሚያስፈልጋቸው ቃሪያ ጨምር አለ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። 12ኛዋ የመለሰችው ወዲያው ነው፤ ስትተይብ እጇ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። የምን ቃሪያ? ለስንግ የምናደርገውን ሰጥተህ ልትገድላቸው ነው? የፈረንጅ ቃሪያ በል እንጂ፣ ያን ትልቁን የማያቃጥለውን! ነገሩ ግን እውነት ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በገላው መሥራት አይችልም፤ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለበት። የፈረንጅ ቃሪያ ጥሩ ምንጭ ነው። ጥቅል ጎመን ለመንገድ አይሆንም፤ ሆድ ይነፋል። ሽንኩርት ጨርሶ አይነካም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ጠቃሚ ነበር፤ ግን የትም ሀገር የሚባል ነገር ነው። የኛን መንገድ ያየልን 13ኛው ነው። የደብረ ሲና ሰው ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ዕድሜውን የተመላለሰ። አጻጻፉ አጭር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ትወርዳላችሁ። ጉም ውስጥ ጃኬት ለብሰህ ገብተህ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዝህን ታወልቃለህ። አንተ ታወልቃለህ፤ እነሱ ግን ጠጉራቸውን የት ያወልቁታል?

ይህችን ሳነብ ኪሎ ሜትር መቁጠሬን ተውኩት። ለካ ጥያቄዬ ራሱ ጎዶሎ ነበር። ርቀቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው። 13ኛው እንዳለው ጊኒ ፒግ አያልብም፤ እንደ ውሻ አለክልኮም ገላውን በወጉ ማቀዝቀዝ አይችልም። ከ26 ዲግሪ በላይ ሲሆን መቸገር ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ ቀትር ላይ ስንት እንደሚሆን የሄደ ያውቀዋል። ምልክቱንም ነገረኝ፦ አፉ ዙሪያ ሲረጥብ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሆዱን መሬት ላይ ዘርግቶ አልነሳ ሲል። ያኔ ወደ ጥላ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ፎጣ፤ በረዶ ውሃ ግን አይደፋበትም፣ ድንጋጤው ራሱ ይገድላል።

14ኛው አጋነናችሁት አለ። መስኮት ከፍቶ መንዳት ነው፣ ነፋስ ይገባል፣ አለቀ። 15ኛው ጥርሱን ነክሶ መለሰለት። አንተን ነፋስ የሚያቀዘቅዝህ ላብህን ስለሚያደርቀው ነው። ላብ የሌለው እንስሳ ላይ የሞቀ ነፋስ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ደግሞም ምሳ ለመብላት መኪና ዘግታችሁ ብትወርዱ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ መስኮት በጣት ልክ መክፈት አያድንም። 14ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ትንሽ ከረር ቢልም 15ኛው ያመጣት ዘዴ ናት የረዳችን፦ የሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልቶ ከማታው በረዶ ማድረግ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ ጥግ ማጋደም። ሲሞቃቸው ይጠጓታል፣ ሲበርዳቸው ይርቋታል።

16ኛው አንድ አባት ናቸው፤ ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ዶሮዎቹን ከነሱ ጋር አትጫን አሉኝ። ዶሮ ሳትታመም ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ይዛ ልትዞር ትችላለች፤ ወደ ጊኒ ፒግ ከተላለፈ ግን አይምርም። ደግሞም የታሰረች ዶሮ ክንፏን ስታርገበግብ እነዚያ ሚስኪኖች ጭልፊት የመጣባቸው ይመስላቸዋል አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዶሮዎቹን ወንድሜ በሚኒባስ እንዲወስዳቸው ተነጋገርን። ወንድሜ እስካሁን ይነጫነጫል።

ከዚያ ጠቡ መጣ። 17ኛው፣ እንዳይጨነቁ ማስታገሻ ስጣቸው፣ ለጥንቃቄም አሞክሳሲሊን በውሃ በጥብጥላቸው፣ ለበጎቼ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው አለ። 18ኛዋ የእንስሳት ሕክምና የተማረች ናት። አላዘነችለትም። አሞክሳሲሊንና የፔኒሲሊን ዘር በጠቅላላ ለጊኒ ፒግ መርዝ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩለትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል፤ ክፉዎቹ ይነግሡና እንስሳው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ማስታገሻም ያለ ሐኪም አይሰጥም። በግ ሌላ፣ ጊኒ ፒግ ሌላ! 19ኛ መልስ ሆኖ 17ኛው ራሱ ተመለሰ፤ ተሳደበ ማለት ይቀላል። ወረቀት ያላቸው ሁሉ አዋቂ ነን ይላሉ፣ እኔ ሃያ ዓመት በግ አርብቻለሁ አለ። 20ኛው ሊያስታርቅ ገብቶ ሁለቱንም አስቆጣ። እኔ የክሩ ባለቤት ስለሆንኩ ልበል፦ 18ኛዋ ልክ ናት። ንግግሯ ቢመርም ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ከየፋርማሲው ገዝተን የምንውጥ ሰዎች ስለሆንን፣ መምረሯ ተገቢ ነው።

ጠቡ ሲበርድ ወሬው መንገድ ለቀቀ። 21ኛው አይጥ በኦሪቱ ርኩስ አይደለም ወይ፣ በፋሲካ ምድር እንዴት ከዶሮው ጋር ይነሳል አለ። 22ኛዋ የተከለከለው መብላቱ ነው፣ ማን ብላው አለህ ብላ ዘጋችው፤ ግን ራሷ ፔሩ ውስጥ ኩይ ብለው ጠብሰው እንደሚበሉት ነግራን ልጄ ይህን ክር እንዳታነብ አደረገችኝ። 23ኛው ስለ ጣርማ በር ዋሻ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደቆፈረው። ጊኒ ፒግ የሚል ቃል የለበትም። ሆኖም ከዋሻው ስንወጣ ልጄ ማን ቆፈረው ስትለኝ መልስ ነበረኝ።

24ኛው 13ኛውን ደግፎ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። በሌሊት ውጡ። ፀሐይ ሳትበረታ ሸዋ ሮቢት ግቡ።

ቅዳሜ ሹር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ደብረ ብርሃን እንደልማዷ ትንዘፈዘፋለች። ሳጥኑን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርነው፤ በኩርባው እንዳይንሸራተት ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረግንበት። ደብረ ብርሃን ሆኖ ብርድ ልብስ የሚያጣ የለም። ከላይ ያረጀ ነጠላ ሸፈንንበት፤ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ አየር ግን ያሳልፋል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መብራታችንን ዋጠው። በ20 እየነዳሁ ወጣሁ።

ደብረ ሲና ቆመን የነጠላውን ጫፍ ገለጥኩ። ዳማ አንድ ዘለላ ድርቆሽ ከአንድ ጫፉ ይዛ፣ እንደ ክር ወደ ውስጥ እየሳበች ነው። ገብስማ ከዳማ ሆድ ሥር ገብታለች፤ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው፣ እሱም ይርገበገባል። የፈረንጅ ቃሪያውን አልነኩትም። ልጄ በጠጡን ቆጠረች፤ 18ኛዋ በጠጥ ካለ ሆድ እየሠራ ነው ስላለች ነው። ሃያ ምናምን ሆነ። ደስ ብሏት ለእናቷ ደወለችላት፣ እናቷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ።

ከደብረ ሲና በታች ካለችው ከአርማኒያ ከተማ በኋላ አየሩ ተለወጠ። ሸዋ ሮቢት 2 ሰዓት ላይ ስንገባ እጀታችንን ሰብስበናል። የበረዶው ላስቲክ አልቦ ፎጣው ረጥቧል፤ ሁለቱም አጠገቡ በቁመታቸው ተዘርግተዋል። ትንፋሻቸው ደህና ነበር።

የእናቴን ነገር ግን ከ24ቱ መልስ ማንም አላሰበውም። ሳጥኑን ተቀብላኝ ገለጥ አድርጋ አየች። አይጥ ናቸው አላለችም። ይሄ ሙቀት አይችልም አለችና ወደ ጓዳ ወስዳ እንስራው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እንስራ ያልባል፤ ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፈውና እዚያው ስለሚደርቅ ዙሪያው ሁሌም ይቀዘቅዛል። ለማረጋገጥ የሙቀት መለኪያ ይዤ ነበር። ቀትር ላይ ግቢው 34 ሲል እንስራው ሥር 25 ይላል። አራቱንም ቀን እዚያ ከረሙ።

ይህን ክሩ ላይ ስጽፍ 25ኛው መልስ መጣ፤ እንኳን ደረሳችሁ ብሎ፣ ስትመለሱ ነገሩ ተገልብጦ እንደሚጠብቃችሁ አትርሱ አለ። ለሙቀት ያረጠባችሁትን ፎጣ ሽቅብ ስትወጡ ካላወጣችሁት፣ ጣርማ በር ላይ ለብርድ ይዳርጋቸዋል። መልሱን ያየሁት በስልኬ አርማኒያ ቆመን ሻይ ስንጠጣ ነው። ፎጣው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ድርቆሹም ከሥሩ ርሷል። አውጥተን ጣልነው፤ የገብስማ ሆድ ረጥቦ ስለነበር ልጄ በሻርፏ አደረቀቻት። አዲስ ድርቆሽ ጎዝጉዘን ወጣን። ማታ ቤታችን ገብተው በሉ።

26ኛው ዛሬ ጠዋት ገብቶ ዶሮዎቹስ በሰላም ተመለሱ ወይ ብሏል። ዶሮዎቹ አልተመለሱም።